የክርስትና ወንድም

ኑኃሚን ለትሪያትሎን የተመዘገበችው ስፖርቱን ወዳው አይደለም። አንድ ወጣት እንደገና ለማየት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን በቅጡ አላመነችም።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በጀርመን አገር፣ በኒዳ ወንዝ ዳር ነው። ኑኃሚን ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር ከሁለት ሴቶች ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች። ሥራዋ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ አዛውንቶችን ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ነው። ሥራ በማትገባበት ቀን ትሮጣለች። ስትሮጥ «ወረቀትሽ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ያን ዕለት ከኋላዋ የብስክሌት ደወል ጮኸ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እሷ ደግሞ መንገድ መልቀቅ አትወድም። ፍጥነት ጨመረች። ደወሉ እንደገና ጮኸ፤ እሷም እንደገና ጨመረች። እንዲህ እየተፎካከሩ እስከ ድልድዩ ሄዱ። ድልድዩ ላይ ብስክሌተኛው ከጎኗ ደረሰና በጀርመንኛ «ከማን ነው የምትሸሺው?» አላት።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኗል?» አለች ለራሷ፣ በአማርኛ።

«ምንም አልሆንኩም» አለ ሰውየው፣ እሱም በአማርኛ። «ማለፍ ፈልጌ ነው።»

አነጋገሩ እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች አነጋገር ነበር፤ ቃላቱ ልክ፣ ዜማው የሌላ አገር። ኑኃሚን ሳቋ መጣ። ሳቁ ከትንፋሽዋ ጋር ተምታታባትና ጉልበቷን ይዛ ቆመች። እሱም ከብስክሌቱ ወረደ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ እሱ ቀድሞ ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ።

«እንደዚህ የምትሮጪ ከሆነ ትሪያትሎን ሞክሪ» አላት በመጨረሻ። «አጭሩን ማለቴ ነው። አምስት መቶ ሜትር ዋና፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ። ሩጫው ላይ ሁሉንም ጥለሻቸው ትሄጃለሽ።»

«ዋና አልችልም እኮ።»

«ይለመዳል። ሐምሌ ላይ ላንገን ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውድድር አለ። እኔም እገባለሁ።»

ስሙን ሳትጠይቀው ተለያዩ። ቤቷ ገብታ ገላዋን ሳትታጠብ ስልኳን ከፈተችና ተመዘገበች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ኑኃሚን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሮደልሃይም ወደሚገኘው የወይዘሮ የወርቅውሃ ቤት ትሄዳለች። ወይዘሮ የወርቅውሃ ለረጅም ዘመን በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸውን የቀበሩ፣ አሁን ደግሞ አዲስ ለመጣ ስደተኛ ሁሉ አስተርጓሚ ካልሆንኩ የሚሉ ሴት ናቸው። ኑኃሚንን ያገኟት በስደተኞች መጠለያ ነው። ልጅቷ እናቷ ቀድማ የሞተችባት፣ ክርስትና ሳትነሳ ያደገች ነበረች። ባለፈው ዓመት በራሷ ፈቃድ ስትጠመቅ ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው።

ሐምቡርግ የሚማር አንድ ልጅ እንዳላቸው ታውቃለች። እሳቸው ግን ሁልጊዜ «ማሙሽ» ነው የሚሉት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውም ፎቶ የፊት ጥርሱን ያወለቀ ሕፃን ያሳያል።

በሩን አንኳኳች። የከፈተላት ብስክሌተኛው ነው።

ፈገግ አለ። እሷም ፈገግ አለች፤ ደስታዋን ለመደበቅ ጊዜ እንኳ አላገኘችም። ከኮሪደሩ ውስጥ የወይዘሮ የወርቅውሃ ድምፅ መጣ።

«መጣሽ ልጄ? በሉ ተዋወቁ። ማሙሽ ትምህርቱን ጨርሶ እዚህ ሪድበርግ፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘልሽ። ካሌብ፣ እህትህ ናት። ክርስትና ያነሳኋት።»

ኑኃሚን ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። ማሰሪያ የሌለውን ጫማ ለማውለቅ ከሚያስፈልገው በላይ ጎንብሳ ቆየች።

«አሃ፣ አንቺ ነሽ» አለ ካሌብ እየሳቀ። «ማሚ ፓተንታንተሽ ናት ማለት ነዋ።»

ፓተንታንተ፣ ጀርመኖቹ የክርስትና እናትን የሚጠሩበት ቃል፣ ለካሌብ በልደት ቀን ስጦታ ይዛ የምትመጣ ሴት ማለት ነው። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ነበሯቸው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ሁለት። ኑኃሚን ግን ከጥምቀቷ በፊት ተምራለች። ክርስትና ያነሳችሽ እናትሽ ናት፣ ልጆቿ ወንድሞችሽና እህቶችሽ ናቸው፣ በመካከላችሁ ጋብቻ የለም ተብላለች። ያኔ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር። ዘመድ ያልነበራት ልጅ በአንድ ቀን ቤተሰብ አገኘች፤ በዚያ ላይ ማን ይከራከራል?

ምሳ ላይ የውድድሩ ወሬ ተነሣ። ወይዘሮ የወርቅውሃ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

«ዋና የማትችል ልጅ ሐይቅ ልትገባ? ማሙሽ፣ አንተ አስተምራት። እህትህ አይደለችም እንዴ?»

እምቢ ማለት ነበረባት። ሰበቡ ሞልቷል፤ ሥራ አለብኝ፣ ሴት አስተማሪ ይሻለኛል፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ኑኃሚን አንዱንም አላለች። ምስሩን በእንጀራ እየጠቀለለች «እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ መዋኛ ቤት ይገናኙ ጀመር።

«እናንተ ሯጮች አንድ በሽታ አለባችሁ» አላት ካሌብ በመጀመሪያው ቀን። «ሁሉን በእግር እንጨርሳለን ትላላችሁ። እዚህ እግር ተሳፋሪ ነው። በራገጥሽ ቁጥር ትደክሚያለሽ እንጂ አትሄጂም። ዝም ብለሽ አስከትያቸው።»

«ይሰምጣሉ።»

«የሚሰምጡት ራስሽን ቀና ስለምታደርጊ ነው። ታች፣ ወለሉን እዪ። ራስሽ ሲወርድ እግርሽ ይነሣል።»

አየች። ራሷን አወረደች። ሦስት ጊዜ እጇን አንቀሳቅሳ እየሳለች ተነሣች።

«ትንፋሽሽን ለምን ትይዣለሽ?»

«ውሃ እንዳይገባኝ ነዋ።»

«ውሃ ውስጥ ካላወጣሽው፣ ቀና ስትዪ ለማስወጣትም ለማስገባትም ጊዜ አይበቃሽም። እዚያው ውስጥ ሆነሽ አውጪው። የሆነ ነገር እየተናገርሽ እንደሆነ አድርጊ። ማንም አይሰማሽም።»

በጀርባ መንሳፈፍ ያስተማራት በሦስተኛው ሳምንት ነው። «ሐይቁ ላይ ከፈራሽ ተገልበጪና ሰማዩን እዪ። ማንም አይከለክልሽም፤ ከውድድርም አያስወጣሽም» አላት። እጁ ጀርባዋ ሥር ነበር። የአንገቷ ማዕተብ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አገጯን ነካ። ኑኃሚን ጣሪያውን እያየች አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ ያንን እጅ። ትንሽ ቆይታ እጁ እዚያ እንደሌለ ገባት። መቼ እንዳነሣው አላወቀችም። ብቻዋን ተንሳፍፋ ነበር።

እንዳትወደው የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች። ጸልያለች። ጉድለቱን እየቆጠረች ለራሷ ልትነግር ሞክራለች። ሲበላ ያወራል፣ በቀጠሮ አላረፍድም ብሎ ይኩራራል፣ «ሠ» እና «ሰ» አንድ ድምፅ ከሆኑ ለምን ሁለት ሆኑ እያለ ያደርቃል። አንዱም አልረዳትም። ዓርብ ሲመጣ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድማ መዋኛ ቤት ትገኝ ነበር።

በግንቦት ብስክሌቱ ተጨመረ።

«ቀላሉን ማርሽ ተጠቀሚ። ጉልበትሽን ብስክሌቱ ላይ ከጨረስሽ ለሩጫው ምን ይቀርሻል? ደግሞ ሄልሜትሽን አገጭሽ ሥር ሳትቆልፊ ብስክሌቱን እንዳትነኪ፤ ሕግ ነው። ከወረድሽ በኋላ አትቀመጪ፣ ወዲያው ሩጪ።»

ከቬስትሃፈን ተነሥተው ማይን ወንዝን ተከትለው ሄደው ተመለሱ። ብስክሌቱን አስደግፋ መሮጥ ስትጀምር እግሮቿ የሷ አልሆኑም። ዕድሜ ልኳን የምታውቃቸው እግሮች ከዷት። ጥቂት እንደ ሄደች ቆመች፤ ሳታስበው እንባዋ መጣ።

«ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል» አላት ካሌብ ደርሶባት። «ይለቅሻል። አትቸኩዪ ብቻ።»

«ካልለቀቀኝስ?»

«ይለቅሻል እያልኩሽ።» ከዚያ ከብስክሌቱ ወረደ። «ኑኃሚን፣ ወድጄሻለሁ። በአማርኛ እንዴት ተለሳልሶ እንደሚባል አላውቅም። ያን ቀን ድልድዩ ላይ ነው የጀመረኝ።»

እሷንም የጀመራት ድልድዩ ላይ ነው። ይህን ልትለው አፏን ከፈተች።

«ወንድሜ ነህ» አለችው።

ካሌብ ይህን ቃል ያውቀዋል። የሐበሻ ሴት ልጅ «ወንድሜ ነህ» ስትል አልፈልግህም ማለቷ እንደሆነ ሐምቡርግ ሳለ ተምሯል። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣ፣ ሄደ። እሷም አልጠራችውም።

ማክሰኞ አልመጣም። ዓርብ «ቴርሚን አለኝ» ብሎ ሌላ ቀጠሮ እንዳለበት መልእክት ላከ። በሚቀጥለው ሳምንትም ቴርሚን ነበረው። ኑኃሚን ብቻዋን ዋኘች፣ ብዙ ውሃም ጠጣች። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ሪድበርግ ሄደችና ከላቦራቶሪው ደጃፍ ጠበቀችው። ሲወጣ አያት፤ ፊቱ ላይ የበራውን ነገር ለማጥፋት ሲታገል አየችው።

«እናትህ ክርስትና አንሥተውኛል» አለችው ሰላም እንኳ ሳትለው።

«አውቃለሁ። እና?»

«እና ወንድሜ ነህ።»

«ነግረሽኛል እኮ።»

«አልገባህም። እንደ አባባል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አንተና እኔ የአንድ እናት ልጆች ነን። መጋባት አንችልም። ለዘላለም አንችልም።»

ካሌብ ሊስቅ ጀመረና አቋረጠው።

«ስለዚህ ያን ቀን እንደዚያ ስትዪኝ…»

«ይህንን ማለቴ ነበር።»

«አልወድህም ማለትሽ አልነበረም?»

ተማሪዎች እያወሩ በመካከላቸው አለፉ። እስኪያልፉ ድረስ ጠበቀች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ለሁሉም የሚበጀውም ያ ነበር።

«አልነበረም» አለች።

ካሌብ ያን ዕለት ማታውን ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ የወርቅውሃ በበነጋው ሁለቱንም ይዘው ወደ ቄስ ሀብተጊዮርጊስ ሄዱ። ቄሱ ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ቢያንስ የሚጠሉት ሰው ይኖራቸዋል። እሳቸው ግን ሁሉን በትዕግሥት ሰሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በእጄ ያለ ነገር ቢሆን እሰጣችሁ ነበር» አሉ። «ሜሮን የተቀባ ሰው አይመለስም። ደግሞ የተደረገው ነገር ጥፋት አይደለም እኮ፤ መልካም ሥራ ነው። ምኑን ላፍርሰው?»

ካሌብ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በሳምንቱ ኑኃሚንን ማይን ዳር ቀጠራት።

«ከማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ቴርሚን አግኝቻለሁ። መስከረም ላይ። ሁለት ፊርማ ነው፣ አለቀ። የጀርመን ሕግ እህትህ ናት አይለኝም።»

«እናትህስ?»

«ይለምዱታል።»

«እኔስ?»

መልሴን ከውድድሩ በኋላ እነግርሃለሁ አለችው። ለምን እስከዚያ እንዳለች እሷም አታውቅም፤ ሐይቁን ካቋረጠች ድፍረት የምታገኝ መስሏት ይሆናል።

ውድድሩ ሲቃረብ ወይዘሮ የወርቅውሃ ጉትሎይትፊርቴል ድረስ መጡ። ወንበር ስላልነበረ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን አላስቀመጡም።

«ልቆጣሽ አልመጣሁም» አሉ። «ማዘጋጃ ቤት ብትሄዱ አልከለክላችሁም፤ አዋቂዎች ናችሁ። ግን እዚያ ቆሜ ማየት አልችልም፣ ልጄ። ሙሽራው ልጄ፣ ሙሽራይቱ ልጄ። ምን ብዬ ልቁም? ከዚያ በኋላስ በየትኛው ዓይኔ አይሻለሁ?»

«እትዬ የወርቅውሃ፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ። ፈልገሽ አይደለም። እሱም ፈልጎ አይደለም።» ቦርሳውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ያን ቀን ሌላ ሴት ታንሳሽ ብል ኖሮ ዛሬ ምራቴ ነበርሽ። ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ነበር እኮ፤ እኔ ነኝ ቀድሜ የወጣሁት። እኔ ልያዛት፣ የኔ ትሁን አልኩ።»

ከዚያ አለቀሱ። በሽተኛ ሲያስታምሙ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ ይችሉበታል። ኑኃሚን ውሃ ቀዳችላቸው። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበረም። ብርጭቆውን ስታቀብላቸው አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ካሌብን ካገባች እኒህ ሴት እንደገና አልጋዋ ጠርዝ ላይ አይቀመጡም። በዚህ አገር ደግሞ ታመምሽ ወይ ብሎ የሚመጣላት ሌላ ሰው የለም።

የውድድሩ ቀን ሞቃት ነበር። ካሌብ በጠዋቱ የወንዶች ዙር ተወዳድሮ ጨርሷል። ሴቶቹ ከመግባታቸው በፊት በአጥር በኩል ጠራት።

«ከኋላና ከዳር ጀምሪ፣ መሐል እንዳትገቢ። ዛሬ አዲስ ነገር አትሞክሪ፤ የለመድሽውን ብቻ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መልሱን ዛሬ ትነግሪኛለሽ?»

«ዛሬ» አለች።

ከዳር ጀመረች። የሐይቁ ውሃ እንደ መዋኛ ቤቱ አልነበረም፤ ወለል የለውም፣ ታች የሚታየው ጥቁር ብቻ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የአንዷ እጅ ፊቷን መታት። ውሃ ዋጠች። እግሮቿ መራገጥ ጀመሩ፣ ራሷ ቀና አለ፣ ደረቷ ተዘጋ። ዳር ቆሞ የሚያያት ካሌብ ሲሮጥ ወደ ውሃው ጫፍ መጥቶ ቆመ። ሊደርስላት ግን አይችልም። ስሟን ይጠራ ነበር፤ አልሰማችም።

ተገለበጠች። ሰማዩ እዚያው ነበር። ትንፋሽዋ እስኪረጋጋላት ድረስ ተንሳፍፋ ቆየች፤ ሌሎቹ ሴቶች እየራቁ ሄዱ። ከዚያ ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች፣ ወደ ጥቁሩ እያየች ትንፋሽዋን አወጣች።

«እወደዋለሁ» አለች ውሃ ውስጥ።

አረፋ ሆኖ በጉንጮቿ በኩል አለፈ። እንደገና አለችው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ እያለችው ዋኘች፤ ለካሌብ ያልነገረችውን ሁሉ ለሐይቁ ነገረችው። እግሮቿ ዝም ብለው ተከተሏት። እጇ አሸዋ ሲነካ የቀረ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ሄልሜቷን ቆለፈች፣ ብስክሌቱን አወጣች፣ በቀላል ማርሽ ዞረች። ሩጫው ሲጀመር እግሮቿ እንደገና ከዷት፤ ካሌብ ከገመዱ ውጭ አብሯት እየሮጠ «አትቸኩዪ፣ ይለቅሻል» ይላት ነበር። አልቸኮለችም። እየቆየ ለቀቃት፣ የራሷ እግሮች ተመለሱላት። ከሐይቁ የቀደሟትን ሴቶች አንድ በአንድ አለፈቻቸው። እንደዚያ ቀን በሕይወቷ ሮጣ አታውቅም፤ እንደዚያ ቀንም እንዳያልቅ የፈለገችው ሩጫ የለም።

መጨረሻው መስመር ጋ ሁለቱም ቆመው ነበር። ወይዘሮ የወርቅውሃ ትልቅ ፎጣ ዘርግተዋል፤ ካሌብ አንዱን ጫፍ ይዞላቸዋል። ሁለቱም እሷን ያያሉ። ካሌብ ዓይኖቿን ፈለገ። እሷም አየችው፣ ረጅም ጊዜ፣ እስኪጠግብ ድረስ ማየት እንደሚፈልግ ሰው። አልጠገበችም።

ከዚያ ወደ ፎጣው ገባች።

«እማዬ» አለች።

እስከዚያ ቀን «እትዬ» ነበር የምትላቸው። ወይዘሮ የወርቅውሃ እንደ ሕፃን ጠቀለሏት፤ ምን እንደሰሙ ወዲያው አልገባቸውም። ካሌብ ግን ገብቶታል። የያዘውን የፎጣ ጫፍ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ፊቱን አዙሮ ብስክሌቷን ሊያመጣላት ሄደ፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰም።

የማዘጋጃ ቤቱን ቴርሚን ካሌብ ራሱ ደውሎ ሰረዘው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ቤተሰባዊ ምክንያት» ማለቱን ኋላ ነገራት፤ ሁለቱም ለመሳቅ ሞክረው አልሆነላቸውም።

አሁንም እሑድ እሑድ ሮደልሃይም ምሳ ይበላሉ። እሷ ዘንድሮም ተመዝግባለች፤ እሱም ሄልሜትሽ አርጅቷል ቀይሪው ይላታል። ወይዘሮ የወርቅውሃ ሁለቱን በየተራ ያጎርሳሉ፤ አንዳንዴ ጉርሻው እጃቸው ላይ እንዳለ ወደ መስኮት ያያሉ። የሥራ ባልደረቦቹ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ካሌብ ሳያቅማማ ያስተዋውቃታል። «እህቴ ናት» ይላቸዋል፣ በጀርመንኛ። በአማርኛ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን «እህቴ» ብሏት አያውቅም።